ሠራተኞች የጥሪ ማዕከልን ለምን ይለቃሉ? ጥያቄና መልስ

የሌሎች ድርጅቶችን የደንበኞች ጥሪ በውል ተቀብሎ በሚያስተናግድ ተቋራጭ (አውትሶርሲንግ) ድርጅት ውስጥ መጀመሪያ በጥሪ ተቀባይነት፣ ኋላም በፈረቃ መዳቢነት ሠርቻለሁ። ከዘርፉ ሠራተኞችና ተቆጣጣሪዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛው የሚለቀው ደመወዝ ስላነሰው አይደለም?

መልስ፦ የደመወዝ ማነስ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ይሁንና በመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ የሚሰፍረው ቃል ሰው ሌላ ሥራ መፈለግ የጀመረው መቼና ለምን እንደሆነ አይነግረንም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የሟች ባለቤታቸውን የስልክ መስመር ለማዘጋት የደወሉ አንዲት አረጋዊት እያለቀሱ ሲያስረዱ ታግሣ አዳምጣ፣ ጉዳያቸውን በ19 ደቂቃ ጨረሰችላቸው። በማግስቱ ተቆጣጣሪዋ ጠርቶ ያሳያት በቀይ የተቀለመውን የጥሪ ርዝመት ብቻ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ስትለቅ «የተሻለ ደመወዝ ስላገኘሁ» ብላ ጻፈች፤ ሥራ ማፈላለግ የጀመረችው ግን በዚያው ሳምንት እንደነበር ነግራኛለች።

ጥያቄ፦ ችግሩ በተቋራጭ ድርጅቶች ውስጥ የሚብሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ተቋራጩ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በጥሪ ብዛት፣ በደቂቃ ወይም በሠራተኛ ሰዓት ስለሆነ፣ ትርፉ የሚገኘው ሥራውን በውል ከሰጠው አሠሪ ድርጅት በሚቀበለውና ለሠራተኛው በሚከፍለው መካከል ካለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህም ሥልጠናም፣ እረፍትም፣ በጥሪዎች መካከል ያለች ፋታም እንደ ወጪ ትቆጠራለች። እኔ ከዚህ አብልጬ የማየው የሥልጣን ማጣትን ነው። በተሳሳተ ሒሳብ የተቆጣ ደንበኛ ሲደውል ጥሪ ተቀባዩ ስሕተቱን በዓይኑ እያየ ማረም ስለማይፈቀድለት፣ ጉዳዩን ወደ አሠሪው ድርጅት አስተላልፎ ይቅርታ ይጠይቃል። መፍትሔው ሲዘገይ ደንበኛው እንደገና ይደውላል፤ ቁጣውንም የሚቀበለው ጥፋት የሌለበት ሰው ነው። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 «የስሜት ሥራ» ያሉት ይህንን፣ ለደመወዝ ሲባል የራስን ስሜት እየገሩ የሌላውን ማብረድን ነው።

ጥያቄ፦ ጥቂት ሰዎች ቢለቁ በምትካቸው መቅጠር አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል፤ ጉዳቱ ግን ምትክ እስኪደርስ አይጠብቅም። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው የስልክ ወረፋ ቀመር ዛሬም የፈረቃ ምደባ መሠረት ነው። በግማሽ ሰዓት 100 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ ከነማስታወሻ አጻጻፉ 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 14 ሰዎች ካሉ በቀመሩ መሠረት 89 ያህሉ ጥሪዎች በ20 ሰከንድ ውስጥ ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛም በሁለት ጥሪዎች መካከል በአማካይ 72 ሰከንድ ፋታ ያገኛል። ከእነዚህ ሦስቱ ሲለቁ በ20 ሰከንድ የሚነሡት ጥሪዎች ወደ 39 ያሽቆለቁላሉ፤ የቀሩት ሰዎች ፋታም ወደ 18 ሰከንድ ይወርዳል። ከተሳዳቢ ደዋይ በኋላ በ18 ሰከንድ ውስጥ ውሃ ተጎንጭቶ፣ ድምፅን አስተካክሎ «እንደምን ዋሉ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የሠራበት ነው። ረጅም ወረፋ የጠበቀው ደዋይም ገና ከመጀመሪያው ተቆጥቶ ይቀርባል። አዲስ ተቀጣሪው ለሳምንታት ይሠለጥናል፤ የሚያሠለጥነውም ነባር ሠራተኛ ከስልክ ይነሣል። በዚህ መካከል አራተኛው ሰው ደብዳቤውን ያስገባል።

ጥያቄ፦ የሌሊት ፈረቃስ?

መልስ፦ ደዋዮቹ በሌላ የሰዓት ክልል የሚኖሩ ከሆነ ማስቀረት አይቻልም። እንዳየሁት ግን ሰውን ይበልጥ የሚያስመርረው የፈረቃው በየሳምንቱ መቀያየር ነው፤ ማታ መማርም ሆነ ልጅ ማሳደግ አስቀድሞ የታወቀ ሰዓት ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ደመወዝ የመጨመር ሥልጣን የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ረጅም ጥሪ ሲያዩ ቁጥሩን ለሠራተኛው ከማሳየትዎ በፊት የጥሪውን የድምፅ ቅጂ ያዳምጡ። የትኛው የአሠሪው ድርጅት ስሕተት ስንት ጥሪ እንዳመጣ በየሳምንቱ መዝግበው ያቅርቡ፤ አሠሪው ድርጅት ከልመና ይልቅ ቁጥር ይሰማልና። ፈረቃውን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያሳውቁ። ከተሰደበ በኋላ ድምፁ የተንቀጠቀጠ ሠራተኛ ካዩ አምስት ደቂቃ ከስልክ ያንሡት፤ አዲስ ገቢ ከሆነ ደግሞ ወደ ስልኩ ሲመለስ የሚቀጥለውን ጥሪ እስኪጨርስ አጠገቡ ይቀመጡ።