ኮሚሽኑን ከመክፈላችሁ በፊት

ቡና፣ በርበሬ ወይም የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት እየሸጣችሁ፣ በሊንኩ ገዢ ለሚያመጣላችሁ አፊሊየት ኮሚሽን የምትከፍሉ ወገኖቼ፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። ሽያጭ ከሌለ ክፍያ ስለሌለ አሠራሩን እወደዋለሁ። ችግሩ ያላመጣውን ገዢ አመጣሁ ብሎ የሚቀበል መኖሩ ነው።

ትልቁ የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይም ተታሏል። ሾን ሆጋን የተባለ ትልቅ አፊሊየቱ በሰዎች ኮምፒውተር ላይ ሳያውቁት ኩኪ፣ ማለትም ገዢው በማን ሊንክ እንደመጣ የሚያሳይ ትንሽ ፋይል፣ ያስቀምጥ ነበር። የኮምፒውተሩ ባለቤት ቆይቶ በገዛ ፈቃዱ ኢቤይ ላይ ሲገዛ ኮሚሽኑ ለሆጋን ይታሰባል። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከተከፈለው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የአምስት ወር እስራት ፈረደበት።

በትንሽ ሱቅ መንገዱ ሌላ ነው። አንዱ ሰው የሱቃችሁን ስም ጉግል ላይ ሲፈልግ የሚወጣ ማስታወቂያ ይገዛና፣ እናንተኑ ፈልጎ የመጣውን ደንበኛ በራሱ ሊንክ ያሳልፈዋል። ከሁሉ የከፋው በተሰረቀ ካርድ የሚያዝዘው ነው። ዕቃው ይላካል፣ ኮሚሽኑ ይከፈላል፣ ከዚያ የካርዱ ባለቤት ለባንኩ ያመለክትና ገንዘቡ ከእናንተ ይመለሳል። ዕቃውም፣ ኮሚሽኑም፣ የባንኩ ቅጣትም የእናንተ ኪሳራ ይሆናል።

ምልክቱ ብዙ ነው፤ እኔ ግን አብልጬ የማየው አንዱን ነው። የአፊሊየቱ ሽያጭ በየወሩ እያደገ የሱቁ ጠቅላላ ሽያጭ ካልተነቃነቀ፣ የሚከፈለው ድሮም ለነበሩ ደንበኞች ሳይሆን አይቀርም። ውላችሁ ከፈቀደ ሊንኩን ለሁለት ሳምንት አቁሙትና ጠቅላላው ይቀንስ እንደሆነ እዩ።

እኛን የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። አፊሊየቱ የአክስት ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆን ወራት በዝምታ ያልፋሉ። ዝምታው ሲፈነዳ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ «ሌባ» ማለት ይመጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ካልተረጋገጠ የሰው ስም ይጠፋል፣ በስም ማጥፋትም ልትከሰሱ ትችላላችሁ። ጥርጣሬ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል፤ በአንድ ምሽት የጎረፈ ትዕዛዝ እውነተኛ የላይቭ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁት፦ «እነዚህን ገዢዎች ከየት አመጣሃቸው? ማስታወቂያውን አሳየኝ።» በእውነት የሠራ ሰው የሚያሳየው አያጣም።

መልሱ እስኪመጣ የምታግዱት ያጠራጠረውን ክፍያ ብቻ ይሁን። የማያከራክረውን በጊዜው ክፈሉ፤ የሰው ላብ ነው።

ለወደፊቱ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ። በራስ ሊንክ መግዛት ክልክል ነው፣ በሱቁ ስም ማስታወቂያ መግዛት ክልክል ነው፣ ለተመለሰ ዕቃ ኮሚሽን የለም። ክፍያውም የመመለሻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሁን። የካርድ ቅሬታ እስከ 120 ቀን ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል፣ አዲስ አፊሊየት ላይ ከዚያም በላይ ብትቆዩ አልፈርድባችሁም።

የተሰረቀ ካርድ መሆኑ ከታወቀ ግን ሽምግልና አያስፈልገውም። የትዕዛዙን መዝገብ ሳትሰርዙ ያዙ፣ ክፍያ ለሚያስተናግድላችሁ ድርጅት አሳውቁ፣ አሜሪካ ከሆናችሁም ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል አመልክቱ።