ራስን መናቅ ትሕትና ነውን?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከጅማ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት አብረውኝ ያደጉ እኅቶች ተመርቀው ሥራ ይዘዋል፣ ትዳርም መሥርተዋል። ራሴን ከእነርሱ ጋር ሳስተያይ ከሁሉ ያነስሁ ሆኖ ይሰማኛል። ሕፃናትን ውዳሴ ማርያም አስጠና ነበር፤ አሁን ግን ‹እኔ ማን ነኝና› ብዬ ልተወው አስቤአለሁ። ይህ ትሕትና አይደለምን?»

መልስ፦ እኅቴ፣ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ብዙዎች ወደ እኔ መጥተዋል፤ አብዛኞቹም ከባልንጀራቸው ጋር ተለካክተው የሚያዝኑትን ኀዘን ትሕትና ብለው ሰይመውታል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ፈሪሳዊው «እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ሲል ዓይኑ ያረፈው በሌላው ሰው ላይ ነበር። ቀራጩ ግን «ከዚህ ፈሪሳዊ አንሳለሁ» አላለም፤ ደረቱን እየደቃ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» አለ እንጂ። አንቺ ልብሽ የተሰበረ ቢሆንም በእጅሽ የያዝሽው የፈሪሳዊውን ሚዛን ነው፤ እርሱ ሚዛኑ ስለ ደፋለት ተመካ፣ አንቺ ስለ ቀለለብሽ አዘንሽ። ትሑት ሰው የሚቆመው በእግዚአብሔር ፊት ነው፤ እዚያ ደግሞ ከጎኑ ማን እንደ ቆመ አይመለከትም።

በእኛ አገር በቡና ለቀማ ወራት አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገሽ ተመልከቺ። ከቀላው እሸት ጎን ገና ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ አለ። ልምድ ያለው ለቃሚ ቀዩን በጣቱ ለይቶ ይወስድና አረንጓዴውን ለሌላ ዙር ይተወዋል፤ ንቆት ሳይሆን፣ ያለ ጊዜው ቢለቀም የቡናውን ጣዕም ስለሚያበላሽ ነው። የአንቺ መዘግየትም እንደዚሁ መናቅ አይደለም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ አገልግሎቱን ልተው ማለትሽ ነው። በማቴዎስ 25 አምስት መክሊት የተቀበለውና ሁለት የተቀበለው፣ ትርፋቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ «መልካም፥ አንተ በጎ፥ ታማኝም ባሪያ» የሚለውን ያንኑ ቃል ሰምተዋል፤ ጌታቸው አንዱን በሌላው አልለካምና። አንድ የተቀበለው ግን «ፈራሁ» ብሎ ቀበረው። «እኔ ማን ነኝና» ብለሽ ብትቀሪ፣ ስሙን ትሕትና ብትይውም የምታደርጊው ይህንኑ መቅበር ነው። ሕፃናቱ ስለ ዲግሪሽም ስለ ትዳርሽም አልጠየቁሽም።

ለንስሐ አባትሽ ይህን ስትነግሪ «ትሕትና» በሚል ቃል አትሸፍኚው፤ እንዳለ ንገሪያቸው፤ ቅናትም ካለበት ቅናት በዪው፤ እርሳቸው ያውቁበታል። በመጪው እሑድ ደግሞ ወደ ልጆቹ ሂጂ፤ የሰኞውን ውዳሴ ማርያም የት ላይ እንዳቆሙ ጠይቂያቸውና ከዚያው ቀጥዪ።