የሚያናድዳችሁን ንገሩኝ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል። ባለፈው ቅዳሜ ከታች ፎቅ ያለችው ልጅ ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። ሦስተኛ ዓመት የዲዛይን ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ ሁሉንም ነገር እወዳለሁ፣ ምን እንደምሆን ግን አላውቅም» አለችኝ። ፖስተር ትወዳለች። ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል መሣል ትወዳለች። የሞባይል አፕ መንደፍ ጀምራለች፣ ወንበር መሥራትም ያምራታል፣ ሰሞኑን ደግሞ የጥለት ነገር ይዟታል። ጓደኞቿ ሥራቸውን ቴሌግራም ላይ ሲለቁ እያየች «እነሱ መንገዳቸውን አገኙ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» ትላለች። ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው፣ እንደሷ የጨነቃችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁና።

ብዙ ነገር መውደድ በሽታ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሰዓሊም ገጣሚም ነበር። አባቱ የብራና መጻሕፍት የሚሥሉ ሰው ነበሩ፣ እሱ ግን ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተምሮ መጣና ሰው ያልለመደውን ረቂቅ ሥዕል አሳየ። ሥዕሉም ግጥሙም ቀርቶልናል።

«የምትወዱትን ተከተሉ» የሚለው ምክር ግን ብዙም አይዋጥልኝም። ሰው በሃያ ዓመቱ የማይወደው ነገር የለም። ደጋግሞ የሚያናድደው ነገር ግን ጥቂት ነው። ሌላው ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ እናንተ ግን ተመልሳችሁ የምታዩት፣ ቤት ገብታችሁም የሚያብከነክናችሁ ጉድለት ማለቴ ነው። እኔ ሥራዬን ያገኘሁት በዚያ በኩል ነው።

የጀመርኩት የታፔላ ጸሐፊ ረዳት ሆኜ ነው። ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ መሰላል መያዝ። ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ ኅትመት ዞርኩ። አንድ ጊዜ የሠርግ ካርድ ሠርቼ በዲስኬት ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ወሰድኩ። ያኔ የአማርኛ ፎንቶች እርስ በርስ አይግባቡም ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እንደመሰለው ስለሚደረድር በአንዱ የተጻፈው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። እዚያ ያለው ልጅ በራሱ ፎንት እንደገና ጻፈው፣ እኔም ሳላነብ «ይታተም» አልኩ። የሙሽራዋ አባት ስም «ጸጋዬ» መሆኑ ቀርቶ «ጽጋዬ» ሆኖ ወጣ፣ 400 ካርድ ላይ። ሰውዬው ካርዱን አንብበው አስቀመጡት። ምንም አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። (ዛሬም ቢሆን ፋይል ስትልኩ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ቅርጽ ቀይራችሁ ላኩ፤ ከመታተሙ በፊትም ሌላ ሰው ያንብበው።)

ከዚያ በኋላ ፊደል ሰላም ነሳኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር ላይ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ፊደላችንን ሲያስገባ ዝብርቅርቁ ቀስ በቀስ ቀረ፣ የመልኩ ጣጣ ግን አልቀረም። 33ቱን በሰባት ቤት ስታባዙ 231 ነው። የላቲን ፊደል የሚነድፈው ሰው 26 ትልቅና 26 ትንሽ ይሠራና ወደ ቁጥርና ወደ ነጥቡ ይሄዳል፤ እኛ ገና ከ«ሀ» ተነስተን «ቆ» አልደረስንም። ካዕቡን ለመሥራት ጎኑ ላይ ጭረት ትቀጥላላችሁ፣ ለ ሉ፣ በ ቡ፣ ደስ ይላል፣ «ሩ»ና «ፉ» ላይ ስትደርሱ ደንቡ ይከዳችኋል። ሳድስማ ጭራሽ ደንብም የለው።

ትልቅና ትንሽ ፊደልም የለንም። ከፒንተረስት ያወረዳችሁት የፈረንጅ ፖስተር ላይ አማርኛ ስታስገቡ የሚፈርስባችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ሰዎቹ ርዕሱን በትልቅ ፊደል ነው ያቆሙት፣ እናንተ ያ መሣሪያ የላችሁም። የኛ ቁም ጸሐፊዎች ግን ከጥንት ጀምሮ ሌላ መላ ነበራቸው። የአምላክንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፣ መግቢያው ላይ ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ ይሥላሉ፣ ዓይን የት ማረፍ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። እኔ ይህን ያስተዋልኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ ያደግኩ ሰው፣ ብራናው አጠገቤ እያለ! እናንተ ያን ያህል አትቆዩ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «እሺ፣ ምን ያናድድሻል?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «የብሎክ ቁጥሩ» አለች።

ከዚያ ማን ያስቁማት! ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ነው የተጻፈው፣ ከታክሲ የሚወርድ ሰው የሚያየው ሌላውን ጎን ነው። ቀለሙ በፀሐይ ለቋል። ማታ መብራት ከጠፋማ አለቀ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወርዳ የምትቀበለው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሦስት እናቶች ብሎክ ተሳስተው እነሱ ቤት ገብተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ማን እንደሞተ ሊጠይቁ አፍረው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። እየሳቅን ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምን፣ ጉልበቴ ደነዘዘ። ያ ሁሉ ዝርዝር ጭንቅላቷ ውስጥ ነበር፣ «ከምወዳቸው ነገሮች» መሃል ግን አልጠራችውም። ፖስተሩም፣ ፊደሉም፣ ቀለሙም እዚያው ቁጥር ውስጥ እንዳለ አልታያትም።

ላፕቶፕሽን አሁን እንዳትከፍቺ አልኳት። ሜትር ያዢና ውጪ። የታፔላ ሰዎች በግምት ለ3 ሜትር ርቀት የ2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ከ60 ሜትር የሚነበብ ቁጥር ወደ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። እሱንም አትመኚ፣ ራስሽ አይተሽ አረጋግጪ። ዘመድ «ትንሽ ሎጎ ናት፣ ሥሪልኝ» እያለ ቅዳሜሽን እንዳይበላብሽም ተጠንቀቂ። (እኔ ስንት ቅዳሜ ሄዶብኛል።)

ትናንት አመሻሽ ላይ በረንዳ ላይ ሆኜ አየኋት። ታናሽ ወንድሟ ካርቶን ላይ የተጻፈ ትልቅ 47 ግድግዳው ላይ ደግፎ ይዟል። እሷ የኋሊት ወደ ታክሲ መቆሚያው እየራቀች «ከፍ አድርገው! ኧረ ከፍ!» ትላለች። ሰባቱ ከሩቅ አንድ ይመስላል። እሱንም ሳትናደድበት አትቀርም።