ልጆቹን ይዘን ስቴክ ቤት እንግባ ወይስ አንግባ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽንም ከሥሩ የተሰጠውንም አስተያየት አነበብኩት። የ5 እና የ9 ዓመት ልጆች ይዛችሁ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልትሄዱ ነው፤ እዚያው መርከቡ ላይ እያላችሁ የጋብቻችሁ ቀን ይውላል። ባለቤትሽ ተጨማሪ የሚከፈልበት ስቴክ ቤት ሊጋብዝሽ አስቧል፤ አንቺ ደግሞ "ልጆቹን ይዘን ብንገባ ሰው ይቀየመናል ወይ?" ብለሻል። ግማሹ "ልጅ እዚያ ምን ይሠራል?" አለሽ። ግማሹ "ከፍለሽ እስከገባሽ ድረስ ማን ምን አገባው?" አለሽ። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ነገሩን ከሁለት በኩል አይቼዋለሁ። ዲሲ ውስጥ የአንድ ሆቴል ሬስቶራንት አስተናጋጅ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ነጭ ጨርቅ የሚነጠፍበት፣ ለአንድ ሰው ሦስት ብርጭቆ የሚደረደርበት ዓይነት ቤት ነው። ከልጆቼ ጋር ደግሞ ክሩዝ እንወዳለን። ለእኛ ለሜሪላንድ ሰዎች የባልቲሞር ወደብ ቅርብ ነው። አውሮፕላን የለ፣ የሻንጣ ኪሎ ጭቅጭቅ የለ፤ መኪናሽን አቁመሽ መግባት ነው። እና ትንሽ ባስረዝመው አትፍረጂብኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ልጅ ጭራሽ የማይገባባቸው ቤቶች አሉ። ዲዝኒን ውሰጂ። የመጀመሪያው መርከባቸው በ1998 ሥራ ሲጀምር ጀምሮ "ፓሎ" የሚባል የጣሊያን ምግብ ቤት አላቸው። "ዲዝኒ ድሪም" እና "ዲዝኒ ፋንታሲ" ላይ ደግሞ "ሬሚ" የሚባል የፈረንሳይ ምግብ ቤት ተጨምሯል። ሁለቱም ጋ ከ18 ዓመት በታች ያለ አይገባም፤ አራስ ሕፃን ታቅፈሽ እንኳ አትገቢም። አስቢው፣ ሚኪ ማውስ በየኮሪደሩ ልጅ እያቀፈ በሚዞርበት መርከብ ላይ ነው ይሄ ሁሉ ጥብቅነት። ግን ልክ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከልጅ ጋር የሚውል ወላጅ ለአንድ ምሽት የት መሸሽ እንደሚፈልግ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቫይኪንግ እና ቨርጂን ቮያጅስ የሚባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ደግሞ ከነጭራሹ ልጅ አያሳፍሩም፤ መርከቡ በሙሉ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ በር ላይ ቆሞ "የኔ ልጅ እኮ ጨዋ ናት" ማለት አያዋጣም። በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ ሕጉን አላወጣችውም። ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ልክ እንዳንቺ ወላጆች ናቸው፤ የራሳቸውን ልጅ ትተው ነው የመጡት። የሰው ልጅ ሲያለቅስ ለመስማት አይደለም የከፈሉት።

ያንቺ ጉዳይ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም። የሌሎቹ መርከብ ኩባንያዎች ምግብ ቤቶች፣ እንደ ሮያል ካሪቢያን "ቾፕስ ግሪል" ወይም "ጆቫኒስ ቴብል"፣ እንደ ኖርዌጂያን "ካግኒስ"፣ እንደ ካርኒቫል ስቴክ ቤት ያሉት ልጅ ያስገባሉ። ለልጅ ዋጋም ይቀንሳሉ፤ ትንንሾቹን በነፃ የሚያበሉም አሉ። ስለዚህ "ይፈቀዳል ወይ?" ለሚለው መርከቡ ራሱ መልሶልሻል። ማንም ሊገላምጥሽ መብት የለውም። ለአንቺ የቀረልሽ ጥያቄ የ5 ዓመቱ ልጅ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

እነዚህ ቤቶች ቶሎ አብልተው አይሸኙሽም። ሆን ተብሎ ነው። ዳቦው ይመጣል፣ ከዚያ መክፈቻው፣ ከዚያ ሰላጣው፣ ከዚያ ስቴኩ፣ መጨረሻ ጣፋጩ። በየመሐሉ ክፍተት ይተዋል። እኛም ሆቴል ስንሠራ የመጀመሪያው ሳህን ከተነሳ በኋላ ቀጣዩን ወዲያው ይዞ መምጣት እንደ ብልግና ነበር የሚታየው፤ እንግዳው ተጫውቶ፣ ወይኑን ጎንጨት ብሎ ነው የሚቀጥለው። ለትልቅ ሰው ደስ የሚለው ያ ክፍተት ለ5 ዓመት ልጅ እስር ቤት ነው። ዳቦውን ይበላል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ "አለቀ? እንሂድ?" ይጀምራል። ስቴክሽ ገና እሳት ላይ አልወጣም።

አንድ ማታ ያየሁትን ልንገርሽ። እኔና ባለቤቴ መርከብ ላይ ስቴክ ቤት ተቀምጠናል። አጠገባችን ወጣት ባልና ሚስት ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዘው ገቡ። ልጁ መነጫነጭ ሲጀምር ታብሌት ከፈቱለት፣ ከነድምፁ። ያው የካርቱን ዘፈን እያለቀ እንደገና ይጀምራል። ከነሱ ወዲያ የተቀመጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት ጨዋታቸውን አቆሙ። አስተናጋጁ በከንፈሩ ብቻ ፈገግ ይላል፤ ያንን ፈገግታ እኔም ለዓመታት ፈገግ ብየዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ሳይጠየቅ የድንች ጥብስ ይዞ መጣ። ልጁ ድንቹን መሬት ላይ በተነው። እናትየው ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ ቀና ብላ ሰው ታያለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እንደገና ጎንበስ ትላለች። ስቴኳን ስትቆርጥ በርዶ ነበር። ጣፋጩን ሳይጠብቁ ወጡ። እኔ ያዘንኩት ለሽማግሌዎቹ አይደለም፤ እነሱ ነገ ሌላ ቀን አላቸው። ያቺ እናት ግን ለብሳ ተኳኩላ ነበር የመጣችው።

በሌላ በኩል የራሴ ልጅ ያንቺን ታላቅ በምታክልበት ዕድሜ አብራን ገብታለች። ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሽሪምፕ ኮክቴል (የባሕር ምግብ ነው) በብርጭቆ ሲቀርብላት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በአማርኛ "እማዬ፣ ይሄ ይጠጣል?" አለችኝ። አስተናጋጁ ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶት ሹካዋን አሳያት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ በላች፣ የተፈጨውን ድንች ከኔም ሳህን ላይ ወሰደች፣ አመስግና ወጣች። ስለዚህ "ልጅ አይገባም" የሚሉትን አልሰማቸውም። ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ወሬ የምትችል፣ ምግብ ለመሞከር የማትፈራ ልጅ እዚያ ቤት ከብዙ ትልቅ ሰው ትሻላለች።

አንድ ወንድማችን "እኛ ስናድግ ልጅ ቆሞ ያስታጥብ ነበር እንጂ ከትልቅ ሰው ማዕድ አይቀርብም" ብሎ ጽፏል። እውነት ነው፣ እኔም ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜያለሁ። ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን እኮ! ማን ቀድሞ እንደሚቆርስ፣ ለማን እንደሚጎረስ፣ ትልቅ ሰው እያወራ እንዴት እንደሚበላ ያየነው ቆመን ነው። ከክፍሉ አስወጥቶ ያሳደገን የለም። እና ያ ምሳሌ ለሱ ክርክር አይሠራለትም።

ወደ አንቺ ልመለስ። በእኔ ፍርድ የጋብቻ ቀናችሁን ማታ ሁለታችሁ ብቻ ግቡ። ልጆቹን ደግሞ ሌላ ቀን ለብቻ ውሰዷቸው፤ ለምሳሌ መርከቡ ወደብ በማይቆምበት ቀን ለምሳ። ቾፕስ ግሪል ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ለምሳ ይከፈታል። ዋጋውም ከእራት ይቀንሳል፣ ሰውም ቁምጣ በሸሚዝ ለብሶ ዘና ብሎ ነው የሚገባው። በኖርዌጂያን የምትሄዱ ከሆነ ቴፓንያኪ አለ፤ ሼፉ ፊታችሁ ቆሞ እንቁላል እያነጠረ፣ ሳህን እያንኳኳ ነው የሚያበስለው፤ እዚያ ጫጫታው ራሱ የእራቱ አካል ነው። ሴለብሪቲ በሚባለው ኩባንያ መርከቦች ላይ ደግሞ "ለ ፐቲ ሼፍ" የሚባል አለ። ከላይ በሚበራ ምስል ትንሽዬ ሼፍ ሳህንሽ ላይ እየተሯሯጠ ምግቡን ሲሠራ ያሳያል። ለልጆች የሚሆን ምርጫም አላቸው። ያንቺ ትንሹ እዚያ ከገባ አይነሳም።

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር እንምጣ፤ አንቺ በጥያቄሽ ባታነሺውም። እኛ ሐበሾች ልጅ ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ መሄድ ያመናል። "ልጆቼ እዚያ፣ እኔ እዚህ ስቴክ እየቆረጥኩ?" ይላል ሆዳችን። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አንድ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ግን መርከቡ ላይ ያለውን የልጆች ክለብ አሠራር ካየሽ በኋላ ይቀልልሻል። ልጁ ይመዘገባል፣ ማን እንደሚያስገባውና ማን እንደሚያወጣው ይጻፋል፣ አለርጂ ካለበት ይያዛል፣ ካለቀሰ ወይም ልሂድ ካለ ይደውሉልሻል። ሮያል ካሪቢያን ላይ ከ3 ዓመት ጀምሮ ዳይፐር የተወ ልጅ ይቀበላሉ። ክለቡ እስከ ማታ 10 ሰዓት (በፈረንጁ ማለቴ ነው) በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት ያስከፍላሉ። ከ3 ዓመት በታች ለሆኑት የሕፃናት ማቆያ ያላቸው መርከቦች አሉ፤ ይሄ ግን ሁልጊዜ ክፍያ አለው፣ ቦታውም ቶሎ ይሞላል።

ልጆችሽን በዕድሜ ለያይተው ሁለት ክፍል ሊያስገቧቸው ስለሚችሉ ቀድመሽ ጠይቂ። ትንሹ ያለ እህቱ እሺ የማይል ከሆነ እሷ ወደሱ ክፍል ትወርድ እንደሆነ አነጋግሪያቸው። ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ቡፌው ጋ አብያቸው፤ በፈረንጁ ከሰዓት በኋላ 5፡30 አካባቢ ሰልፍ የለም። ዲዝኒ ላይ ይሄንንም አቅልለውታል። በሁለተኛው ዙር እራት የምትበሉ ከሆነ ልጆቹ ምግባቸው ቶሎ ይመጣላቸዋል፣ ከዚያ የክለቡ ሠራተኞች አዳራሹ ድረስ መጥተው ይወስዷቸዋል። ወላጅ ከመቀመጫው አይነሳም።

እናትሽ ወይም አማትሽ አብረዋችሁ ካሉ ነገሩ ይቀላል፤ ግን እንዳታበዢባቸው። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው መርከብ ላይ የወጡት ሞግዚት ለመሆን አይደለም። አንድ ማታ ይበቃል። በማግስቱ ማታ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ እሳቸውን ትርዒቱ ጋ ላኪያቸው።

ይሄን ሁሉ ብዬሽም "አይ፣ አብረን ነው የምናከብረው" ካልሽ፣ ያ ቀን የናንተ ነው፣ ግቡ። ግን በሩ እንደተከፈተ የመጀመሪያውን ሰዓት ያዢ። ያኔ አዳራሹ ባዶ ነው፣ ልጆቹም አልደከሙም። ጥግ ያለ ጠረጴዛ ለምኚ። አስተናጋጁ ገና ውኃ ሲቀዳ "የልጆቹን ምግብ ከኛ መክፈቻ ጋር አምጣልን" በይው፤ ይሄንን ስትይው ምን ያህል ደስ እንደሚለው አታውቂም። ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ታብሌት ከሆነም ድምፁ ይጥፋ። ልጁ ማልቀስ ከጀመረ ደግሞ እዚያው "እሺ፣ እሺ፣ ዝም በል" እያልሽ አትታገዪው። አንዳችሁ ይዛችሁት ዴክ ላይ (የመርከቡ ክፍት ወለል ላይ) ውጡ፤ ነፋስ ሲመታው ይረሳዋል። ማን እንደሚወጣ ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። እዚያ ደርሶ "አንተ ውሰደው፣ አንቺ ውሰጂው" ሲባል ነው ምሽቱ የሚበላሸው። የጋብቻ በዓል መሆኑን አትርሺ እንግዲህ። ቲፑ ሒሳቡ ውስጥ ተደምሮ ይመጣል፤ ልጆቹ ጠረጴዛውን አርሰውት ከሆነ ግን ከላዩ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ብትተዪ እኔ ለሥራ ጓዶቼ አመሰግንሻለሁ።

ከፍዬ ነው፣ ማንም አያገባውም ላለችው እህቴም አንድ ነገር ልበላት። ወዲያኛው ጠረጴዛ ያሉትም ከፍለው ነው የገቡት፤ ብሩ ለሁላችንም አንድ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ዋጋው ትንሽ አይደለም፤ ለአንድ ሰው 50 ዶላርና ከዚያ በላይ መክፈል የተለመደ ነው፣ የአገልግሎቱ ተጨማሪ ሳይቆጠር። አንዳንዱ ለዚህች ማታ ሲያጠራቅም ከርሞ ነው የመጣው።

ቦታውን ከመሳፈራችሁ በፊት በአፕ ያዙ። እነዚህ ቤቶች ጠባብ ናቸው፣ ጥሩው ሰዓት ቀድሞ ያልቃል። ካልተገኘም የመጀመሪያውን ማታ ሞክሩ፤ ሰዉ ገና መርከቡን እየዞረ ስለሆነ ቦታ አይጠፋም። የክለቡን ምዝገባም በአፕ መጨረስ ከቻልሽ እቤት ጨርሺ። ባይሆን እንደተሳፈራችሁ ቀጥታ ወደዚያ ሂዱ፤ ማታ ላይ ሄደሽ ልመዝግብ ካልሽ ሰልፍ ላይ ነው የምትቆሚው። ልጆቹ ከዚያ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ገብተው ቢለማመዱ ደግሞ ያን ማታ አያስቸግሩሽም።

እና ደግሞ ቀኑን ከመያዛችሁ በፊት ረቡዕና ዓርብ እንዳይውልባችሁ እዪ። የማውቃቸው ባልና ሚስት ሪዘርቬሽኑን ዓርብ አድርገውት ስቴክ ቤት ቁጭ ብለው አስፓራገስና ደረቅ ድንች ሲበሉ አምሽተዋል፣ በሙሉ ዋጋ።