የአንባቢያን ጥያቄ፦ የስልክ አዳፕተሩን ማክ አድራሻ ልቀይረው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ውድ የዝግጅት ክፍል፣ ነዋሪነቴ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ውጭ አገር የሚኖረው ልጄ መደበኛ ስልክ የሚሰካበትና ሁለት የኔትወርክ ፖርት ያለው የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ላከልን። አብሮት የመጣው ሥዕል እንደሚያሳየው በሞደሙና በዋይፋይ ራውተሩ መካከል ስሰካው ስልኩም አይሠራም፣ የቤቱም ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ራውተሩን ወደ ሞደሙ ስመልሰው ግን ኢንተርኔቱ ይመጣል። የሠፈራችን ባለሙያ «የራውተሩን ማክ አድራሻ አዳፕተሩ ላይ ገልብጠው ይጻፉ» አለኝ። ይህ ጉዳት ይኖረው ይሆን? የትኛውንስ ቁጥር ነው የምጽፈው? በተጨማሪም መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የአዳፕተሩ አይፒ አድራሻ ስለሚቀያየር የማስተካከያ ገጹን መክፈት ተቸግሬያለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለደረሰን ዘርዘር አድርገን እንመልሳለን። ባለሙያው የነገረዎት ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን መጨረሻ ላይ የሚሞከር መፍትሔ ነው።

ማክ አድራሻ እያንዳንዱ የኔትወርክ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መለያ ሲሆን፣ ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት የላቲን ፊደላት የሚጻፉ 12 ምልክቶች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አምራቹን፣ የቀሩት ስድስት ደግሞ መሣሪያውን ራሱን ያመለክታሉ። አንዳንድ ሞደሞች ከበሩ በኋላ መጀመሪያ ያገኙትን መሣሪያ ማክ አድራሻ ይዘው ሌላውን አያስተናግዱም፤ ደንበኛቸውን በዚሁ ቁጥር የሚለዩ አገልግሎት ሰጪዎችም አሉ። የእርስዎም ችግር ይህንኑ ይመስላል፤ ሞደሙ የሚያውቀው ራውተሩን እንጂ አዳፕተሩን አይደለም።

ስለዚህ በቅድሚያ ሥዕሉን ይተዉትና ራውተሩን እንደ ቀድሞው ከሞደሙ ጋር አገናኝተው አዳፕተሩን ከራውተሩ በኋላ ይሰኩት፤ ይኸውም «ኢንተርኔት» ወይም «ዋን» ከሚለው የአዳፕተሩ ፖርት የሚወጣው ገመድ በራውተሩ ጀርባ ካሉት የ«ላን» (የቤት ውስጥ መሣሪያዎች የሚሰኩባቸው) ፖርቶች በአንዱ ይገባል። ሞደሙ አሁንም የሚያየው ራውተሩን ብቻ ስለሆነ የማክ አድራሻው ጥያቄ ከናካቴው ይቀራል። በሥዕሉ ላይ አዳፕተሩ ከፊት የተቀመጠው ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ቢኖር እንኳ ንግግሩ እንዳይቆራረጥ ለድምፅ ቅድሚያ ለመስጠት ነው። ምክንያቱ ቁም ነገር አለው፤ ሆኖም አንድ የስልክ ንግግር ድምፅን ለኢንተርኔት ከሚያዘጋጁት አሠራሮች በጂ 711 በየአቅጣጫው ከ80 እስከ 90 ኪሎ ቢት በሰከንድ፣ በጂ 729 ደግሞ 30 ኪሎ ቢት ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ መስመርዎ በጣም ካልተጨናነቀ ልዩነቱን አያስተውሉትም።

አዳፕተሩ የግድ ከፊት መሆን ካለበት ሁሉንም ከመብራት ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩ፤ ከዚያም መጀመሪያ ሞደሙን፣ ቀጥሎ አዳፕተሩን ያብሩ። ቁጥሩን ይዞ የቆየው ሞደሙ ብቻ ከነበረ ይህ ይበቃል። በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ተመዝግቦ ከሆነ ደውለው እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ፤ ወደ መገልበጡ የሚሄዱት ይህም ካልተሳካ ነው።

የሚገለበጠው የራውተሩ የዋን፣ ማለትም ከሞደሙ ጋር የሚገናኝበት ፖርት፣ ማክ አድራሻ ነው። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ቁጥር የላኑ ወይም የዋይፋዩ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ልዩነታቸው በመጨረሻዋ ምልክት ብቻ ስለሆነ ከተለጣፊው ይልቅ ከራውተሩ የሁኔታ ገጽ ማንበብ ይሻላል። ኦ የምትባለው ፊደል በማክ አድራሻ ውስጥ ስለማትገባ ክብ ምልክት ካዩ ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ 8ን ከቢ ግን አጥርተው ይለዩ። ለምሳሌ ሊንክሲስ ኤስፒኤ 2102 በተባለው አዳፕተር ላይ ቁጥሩ የሚሞላው በዋን ማስተካከያ ገጽ የማክ ቅጂ አገልግሎቱን ከፈቀዱ በኋላ ነው።

ጉዳት አለው ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ሊኖረው የሚችልበት ሁኔታ አለ። ራውተሩ አሁን ከአዳፕተሩ ጀርባ ስለሚሆን፣ አዳፕተሩ ራሱ እንደ ራውተር ሳይሆን እንደ ድልድይ (መረጃውን እንዳለ እንደሚያሳልፍ ማገናኛ) እንዲሠራ ከተደረገ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ መስመሩ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ምክንያቱም ለአንዱ የተላከው ለሌላው ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ብዙ የስልክ አገልግሎት ድርጅቶች የደንበኛውን ማስተካከያ ፋይል ወደ አዳፕተሩ የሚልኩት በፋብሪካው ማክ አድራሻ እየለዩ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የአዳፕተሩን ተለጣፊ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ልጅዎም ከድርጅቱ ጋር ሲነጋገር የሚጠየቀው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ወደ አይፒ አድራሻው፣ ማለትም ራውተሩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ወደሚሰጠው የኔትወርክ ቁጥር፣ ስንመጣ፣ ብዙ የቤት ራውተሮች መብራት ሲጠፋ ለማን ምን እንደሰጡ ይረሳሉ፤ መብራት ሲመለስም ቀድሞ ለጠየቀው የተገኘውን ይሰጣሉ። መፍትሔው በራውተሩ የዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻ የሚታደልበት) ገጽ ላይ የአዳፕተሩን ማክ አድራሻ ከአንድ አይፒ፣ ለምሳሌ ከ192.168.1.50 ጋር ማሰር ነው። እስከዚያው አድራሻውን አዳፕተሩ ራሱ ይነግርዎታል፦ የስልኩን እጀታ አንሥተው በሊንክሲስ ላይ ኮከብን አራት ጊዜ፣ ከዚያም 110 እና መሰላል (#)፣ ግራንድስትሪም በተባለው አዳፕተር ላይ ደግሞ ኮከብን ሦስት ጊዜ፣ ቀጥሎ 02 ቢጫኑ በድምፅ ያነብልዎታል። ለዚህ ቁጥሩ እየዞረ የሚደወልበት የድሮ ስልክ አያገለግልም፤ ኮከብ የለውምና። አድራሻው ትክክል ሆኖ ገጹ እንቢ ካለ፣ ኤስፒኤ 2102 በዋን በኩል ገጹን ዘግቶ ስለሚመጣ ከአራቱ ኮከብ በኋላ 7932 መሰላል፣ 1 መሰላል ብለው ይክፈቱት።

ይህ ሁሉ የማስተካከያ ገጹን ለማግኘት እንጂ ጥሪ ለመቀበል አይደለም፤ አዳፕተሩ ከውስጥ ወጥቶ ራሱ በስልክ ድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚመዘገብ ጥሪው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ስለሆነም ራውተሩ ላይ ፖርት 5060ን (ገመድ የሚሰካበት ሳይሆን ለኢንተርኔት ጥሪ የሚያገለግለውን የመግቢያ ቁጥር) ለውጭ ይክፈቱ የሚል ምክር ቢሰጥዎት አይቀበሉ፤ ያንን ፖርት በኢንተርኔት ላይ እያሰሱ በሰው ሒሳብ ለመደወል የሚሞክሩ አሉ።