ከሐይቅ ወደ ባሕር፦ በቀጣናዊ የባሕር ጥበቃ ፕሮጀክት መሥራት ለምትፈልግ ተመራቂ

ጥያቄ፦ በዓሣ ሀብት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ከተመረቅሁ ወዲህ ጣና ላይ የዓሣ ምርት መረጃ እሰበስባለሁ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ባሕሩን በሚጠብቁና የጠረፉን ነዋሪ የአየር ንብረት ለውጥን እንዲቋቋም በሚያግዙ ፕሮጀክቶች መሥራት እፈልጋለሁ። ሲቪዬ የሚጀምረው «ለባሕር ሕይወት ጥልቅ ፍቅር ያላት» ብሎ ነው። እስካሁን የጠራኝ የለም። የዳይቪንግ ኮርስ ልውሰድ ወይስ በባሕር ባዮሎጂ ማስተርስ ልማር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ለጊዜው ይቆዩ። ዳይቪንግ ለኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ውኃ ውስጥ ለሚገነቡት ድንጋያማ ስፍራ) ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ሆኖም እነዚህ ፕሮጀክቶች ከሚቀጥሯቸው ሰዎች ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ሰው የሚውለው ዓሣ ማራገፊያ ላይ፣ የመንደር ስብሰባ ላይና መረጃ ፊት ተቀምጦ ነው። ዋና መቻል ግን ግድ ነው፤ ጀልባ ላይ ለመውጣት ካሰብሽ አሁኑኑ ተማሪ። ወደ ማስተርሱ በኋላ እንመለሳለን።

አስቀድሞ የትኛው በር እንደተዘጋ እንለይ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መንግሥታቱን በባሕርና በጠረፍ ጥበቃ የሚያስተሳስረው የናይሮቢ ስምምነት ነው፤ በ1985 ተፈርሞ በ1996 ሥራ ላይ ዋለ። አባላቱ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ማዳጋስካር፣ ኮሞሮስ፣ ሲሼልስ፣ ሞሪሸስ እና በሬዩኒየን ደሴት በኩል ፈረንሳይ ናቸው። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከ1982ቱ የጅዳ ስምምነት የተወለደው የባሕር ጥበቃ ድርጅት ፐርስጋ አለ። ኢትዮጵያ ከሁለቱም ውስጥ የለችም። ስለዚህ አባል መንግሥታት በሚጠቁሟቸው ባለሙያዎች የሚሞሉ የሥልጠናና የኮሚቴ ቦታዎች አንቺ ዘንድ አይደርሱም። ማስታወቂያው «ናሽናል» የሚል ከሆነም ለአገሬው ዜጋ ብቻ ነው፤ ካልጠሩሽ ቦታዎች ስንቶቹ እንዲህ ያሉ እንደነበሩ ተመልሰሽ እዪ።

የሚከፈቱልሽ በሮች ሌሎች ናቸው። ኢትዮጵያ ከ1986 ጀምሮ የኢጋድ መሥራች አባል ናት፤ የኢጋድ ዋና ጽሕፈት ቤት ጅቡቲ፣ የአየር ንብረት ማዕከሉ ኢክፓክ ደግሞ ናይሮቢ አጠገብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየ ዘርፍ አለው። በጠረፉ የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም «ሪጅናል» ብለው የሚያወጧቸው ቦታዎች አሉ። ዛንዚባር የሚገኘው የቀጣናው የባሕር ሳይንስ ማኅበር ዊዮምሳም አለ፤ የምርምር ገንዘቡ በዋናነት ለቀጣናው አገሮች የታሰበ ስለሆነ ማመልከቻ ከመጻፍሽ በፊት የብቁነቱን መስፈርት አንብቢ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያ «ጥልቅ ፍቅር» ከሲቪሽ ይውጣ፤ ፍቅር የሌለው አመልካች የለምና። በምትኩ «የአነስተኛ ዓሣ አስጋሪዎች ምርት መረጃ ባለሙያ» ብለሽ ጀምሪ፤ ስንት ማራገፊያ፣ ስንት ወር፣ ስንት የጀልባ ጉዞ እንደመዘገብሽ ከሥሩ በቁጥር አስፍሪ። ጣና ላይ የምትሠሪው ሥራ ባሕሩ ዳር ከሚፈለገው ጋር በመሠረቱ አንድ ነው፦ ጀልባው ሲደርስ የማስገሪያውን ዓይነት፣ የሰዎቹን ብዛት፣ ውኃ ላይ የቆዩበትን ሰዓት፣ ኪሎውን፣ የዓሣውን ዝርያና የናሙና ዓሦችን ርዝመት መያዝ። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁልፍ ቁጥር አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ስንት ኪሎ እንደያዘ ነው። የሚበላሽበት መንገድም ተመሳሳይ ነው። ባዶ እጁን የተመለሰ ጀልባ ካልተመዘገበ አማካዩ ያለቅጥ ከፍ ይላል፤ ዓሣው እየሳሳ ሳለ ሠንጠረዡ «ምንም አልተለወጠም» ይላል። ጠዋት ብቻ የሚመዘግብ ሰው ደግሞ በሌሊት ወጥቶ ከእሱ ቀድሞ የተመለሰውን ያጣዋል።

ባሕር ላይ የሚጨመሩብሽ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የውኃው ሙላትና ጉድለት ነው። በሞምባሳ አካባቢ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ይደርሳል። በእግር ሪፉ ላይ እየሄዱ ኦክቶፐስ (ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ) የሚይዙ ሰዎች የሚወጡት ውኃው አብዝቶ በሚሸሽባቸው በእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህ «ዘወትር ማክሰኞ» ብሎ ናሙና መውሰድ አያዋጣም፤ ቀኑን የምታወጪው ከሙላትና ጉድለት ሰሌዳ ነው። ሌላው ነፋሱ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ ወይም ግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ኃይለኛው ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፣ ትንንሽ ጀልባዎችም ከሪፉ አያልፉም። የሐምሌን ምርት ከጥር ጋር አወዳድሮ «ጥበቃው ዓሣ ጨመረ» የሚል ሪፖርት የሚያወራው ስለ ነፋሱ ነው። ሐምሌ የሚወዳደረው ከሐምሌ ጋር ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ሳትጠየቂ ብታነሺ ከሐይቅ መምጣትሽን የሚጠቅስብሽ አይኖርም።

ስለ ኑሮ መደጎሚያ ሥራዎች ደግሞ ቢያንስ ሦስቱን ከነድክመታቸው እወቂ።

የባሕር አልጌ እርሻ በዛንዚባር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ አብዛኞቹ ገበሬዎች ሴቶች ናቸው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ችካል ተተክሎ፣ ገመድ ተወጥሮ፣ ቁርጥራጩ በገመዱ ላይ ይታሰራል፤ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ይሰበሰባል። የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ኮቶኒ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ሙቀት አይችልም። ጥልቀት የሌለው ውኃ ሲሞቅ ግንዱ ይነጣል፣ ይሰባበራል፤ አይስ አይስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው። ስፒኖሰም የሚባለው ሌላው ዓይነት ሙቀቱን በተሻለ ይቋቋማል፣ ዋጋው ግን ዝቅተኛ ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ኮቶኒውን ቱቦ መሰል መረብ ውስጥ አድርጎ ወደ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውኃ ማውጣት ነው። በቴክኒክ ያስኬዳል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ጥልቅ ውኃ ጀልባና ዋና ይጠይቃል፣ ብዙዎቹ ሴቶች ሁለቱም የላቸውም። የጀልባውን ወጪና የዋና ሥልጠናውን ያልያዘ በጀት ሥራውን ከሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ያዞረዋል። ዕቅድ እንድትገመግሚ ቢሰጡሽ መጀመሪያ ይህን ፈልጊ።

ኦክቶፐስ ሁለተኛው ነው። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር፣ አንዳቫዱአካ አካባቢ፣ ከ2004 ጀምሮ የሪፉ አንድ ክፍል ለጥቂት ወራት እየተዘጋ ይከፈታል። ኦክቶፐስ ፈጥኖ ስለሚያድግ ውጤቱ በአጭር ጊዜ ይታያል፤ ሐሳቡ ለሌሎች መንደሮች የተዳረሰውም በዚህ ነው። ፈተናው የመክፈቻው ቀን ነው፦ የጎረቤት መንደር ሰው ሁሉ ይጎርፋል፣ ሪፉ ይረገጣል፣ ገዢው ዋጋ ይጥላል። ሪፉ ከመዘጋቱ በፊት ከገዢውና ከጎረቤት መንደሮች ጋር ስምምነት መፈረም ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ማንግሮቭ፣ ጠረፍ ላይ በጨዋማ ውኃ የሚበቅለው ዛፍ ነው። ስለ እሱ በእርግጠኝነት ትጠየቂያለሽ፤ «የተከልነው ለምን ሞተ?» ብለው። የተለመደው መልስ ቦታው ነው። ራይዞፎራ የተባለው ዝርያ ረጅም ዘሩን ጭቃ ውስጥ እንደ ችካል መሰካት ብቻ ስለሚበቃው በየቦታው ይተከላል፤ ክፍት ሆኖ የሚገኘው መሬት ግን ብዙ ጊዜ ከአማካይ የባሕር ወለል በታች ያለ ጭቃ ወይም የባሕር ሣር ነው። እዚያ ችግኙ ለረጅም ሰዓት ውኃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሞገድ ይነቅለዋል፣ ባርናክል የሚባል ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ይለጠፍበታል፤ የባሕር ሣሩም ይጎዳል። የውኃ መግቢያው ተዘግቶ የሞተ ደን ከሆነ ደግሞ መግቢያውን መክፈት ብቻውን ብዙ ጊዜ ደኑን ይመልሰዋል። በተከሉት ብዛት የሚመካ ሪፖርት ካየሽ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደተረፈ ጠይቂ። ለንጽጽር የኬንያውን ሚኮኮ ፓሞጃ አጥኚ፤ ጋዚ ላይ በ117 ሄክታር፣ አብዛኛው ነባር ደን፣ ከ2013 ጀምሮ የካርቦን ሽያጭ (ደኑ ለሚይዘው ካርቦን ገዢዎች የሚከፍሉት) የሚያካሂድ የማኅበረሰብ ሥራ ነው፤ ገቢው ለውኃና ለትምህርት ይውላል።

«ቀጣናዊ ትብብር» የሚለው ቃል መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የታንዛኒያዋን የፔምባ ደሴት አስጋሪዎች ተመልከቺ። ነፋሱን ተከትለው ከታንዛኒያ ወደ ኬንያ ጠረፍ ይሻገራሉ፣ ዳጎ በሚባል ጊዜያዊ ሰፈር ይቆያሉ። የኬንያ መንደሮች በባሕር ዳርቻ አስተዳደር ቡድኖቻቸው፣ ቢኤምዩ በሚሏቸው፣ የራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ፤ የመጣው እንግዳ ግን ደንቡ ሲወጣ አልነበረም። በአንድ ወገን ብቻ የተከለከለ መረብ ድንበሩን ይሻገራል። ሁለቱ አገሮች ከኬንያው ዲያኒ ቻሌ እስከ ታንዛኒያው ምኪንጋ የሚዘልቅ የጋራ የባሕር ጥበቃ ቀጠና ያቀዱትም እንዲህ ያለው ጉዳይ በአንድ አገር ሕግ ስለማይያዝ ነው። የፕሮጀክት ኦፊሰሩ ድርሻ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ የሁለቱ አገሮች መመዝገቢያ ቅጾች አንድ ዓይነት ማስገሪያ በአንድ ስም፣ ምርቱንም በአንድ መለኪያ እንዲጽፉ ማድረግ፣ የመዝጊያ ወራቱን ማናበብ። ይህ ካልተሠራ ሚኒስትሮቹ የሚፈርሙት ሰነድ የሚለካበት ነገር አይኖረውም።

እንግዲህ ለሚቀጥሉት ወራት ሥራሽ ይህ ይሁን። ከመሥሪያ ቤትሽ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቂ፣ መረጃው የእነሱ ነውና፤ ከዚያ የሐይቁን መረጃ አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አጽጂና ባለ 3 ገጽ ማጠቃለያ አውጪ፣ ባዶ ጉዞዎችን እንዴት እንደቆጠርሽ በግልጽ አስፍሪ። ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ላይ የምርት መመዝገቢያ ቅጽ ሠርተሽ ጨምሪበት። ሦስተኛ የሥራ ናሙና ከፈለግሽ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖኣ በነፃ የሚያወጣውን የኮራል ሙቀት ጫና መረጃ ውሰጂና የኬንያን ጠረፍ 2016ን ከ2024 ጋር አነጻጽሪ፤ ጫናው 4 ዲግሪ ሳምንት (ከወትሮው የላቀው ሙቀት በቆየበት ሳምንት እየተደመረ የሚለካበት) ሲደርስ የኮራል ጉልህ መንጣት፣ 8 ሲደርስ የኮራል ሞት ይጠበቃል። ከማመልከቻሽ ጋር እነዚህን ሦስቱን አያይዢ።

ስዋሂሊ ጀምሪ፤ ለቃለ መጠይቁ ሳይሆን ማራገፊያው ላይ ከአስጋሪው ጋር ለመነጋገር። ዓይንሽ ጅቡቲ፣ ኮሞሮስ ወይም ማዳጋስካር ላይ ከሆነ ፈረንሳይኛ ይቅደም።

ማስተርሱ ጥሩ የሚሆነው ጠረፉ ላይ ስትማሪው ነው፤ የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ተቋም ዛንዚባር ላይ፣ ፕዋኒ ዩኒቨርሲቲ ኪሊፊ ላይ ይገኛሉ። የነፃ ትምህርት ዕድል ስታገኚ የትምህርት ክፍያውን ብቻ አትዪ፤ የጀልባ ኪራይ፣ ነዳጅና የመረጃ ሰብሳቢ አበል መካተቱን አረጋግጪ፣ ጥናቶች መሐል ላይ የሚቆሙት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ነው። የምርምር ፈቃዱንም ቀድመሽ ያዢ፦ በኬንያ ናኮስቲ የተባለው የሳይንስ ኮሚሽን የሚሰጠው ነው፤ ዛንዚባር ከታንዛኒያ ዋና ምድር የተለየ የራሷ ፈቃድ ስላላት በአንዱ ወረቀት ሌላው ጋ መሥራት አይቻልም።