የጣሪያውን መብራት ከመግዛትዎ በፊት የበሩን ስዊች ይፈትሹ

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «መኪናዬ 20 ዓመት አልፏታል። በር ስከፍት የጣሪያው መብራት አይበራም። ማብሪያውን በእጄ ስገፋው ግን ደህና አድርጎ ይበራል። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ደግሞ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ያየልኝ ባለሙያ መብራቱን ከነቤቱ ቀይሪው ብሎኛል፤ አዲሱ ግን አልተገኘም። ምን ብዬ ላፈላልግ? በዚያው ኤል ኢ ዲ ባስገባበትስ?»

እህቴ፣ መብራቱን ለጊዜው አይፈልጉ። የጻፉልኝ ምልክት ራሱ ስለ መብራቱ ጤንነት ይመሰክራል። በእጅ ሲገፋ የሚበራ ከሆነ ፊውዙ አልተቃጠለም፣ አምፖሉም አልሞተም፣ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ሽቦም አልተቆረጠም። የተበላሸው ማብሪያው «በር» በሚለው ቦታ ላይ ሲሆን ብቻ የሚያገለግለው መንገድ ነው። በመብራቱ ቤት ውስጥ የዚያ ቦታ ኮንታክት ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያጣራው የመጀመሪያው ሙከራ ነው። እኔ ግን የመንገዱን ጉርብጥብጥ ከሰማሁ በኋላ የምጠረጥረው የበሩን ስዊች ነው።

ይህን ያህል ዕድሜ ባላቸው ብዙ መኪኖች ላይ የበሩ ስዊች በመቃኑ ላይ የተገጠመች፣ በጎማ የተሸፈነች ትንሽ ምላስ ናት። በሩ ሲዘጋ ይገፋታል፣ ኮንታክቱም ይለያያል። ሲከፈት ምላሷ ትወጣና የመብራቱን ሽቦ ከማሳ ጋር ታገናኛለች፤ ማሳ የምንለው ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘውን የመኪናውን ብረት ነው። ብዙዎቹ ስዊቾች አንድ ሽቦ ብቻ አላቸው። ማሳውን የሚያገኙት ስዊቹን መቃኑ ላይ ባሰረው ብሎን በኩል ነው። ስለዚህ ብሎኑ ከዛገ ወይም ከላላ ስዊቹ አዲስ ቢሆንም አይሠራም። ጎማዋ ስትበላ ደግሞ በሩ ምላሷን እስከ መጨረሻ አይገፋትም፤ መኪናዋ በጎበጠ መንገድ ላይ ስትናጥ ኮንታክቱ ለቅጽበት ይነካካል። እርስዎ ያዩት ብልጭታ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ መሣሪያ አይፈልግም። ማብሪያውን «በር» ላይ አድርገው እያንዳንዱን በር ለየብቻ ይክፈቱ፤ አንዱን ሳይዘጉ ሌላውን አይክፈቱ። ከአራቱ በአንዱ እንኳ ቢበራ ጣሪያው ላይ ያለው ሁሉ ነጻ ወጥቷል፤ ጥፋቱ ባላበሩት በሮች ስዊች ላይ ነው። በአንዱም ካልበራ ለሁሉም በሮች የጋራ የሆነው ሽቦ ወይም ያ የመብራቱ ኮንታክት ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ሙከራ ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ስዊቹን ነቅሎ የሽቦውን ጫፍ ከብረቱ ጋር ያነካካል። ይህን አያድርጉ። በአንዳንድ መኪኖች ስዊቹ የሚቆርጠው ማሳውን ሳይሆን ፖዘቲቩን ስለሆነ ሽቦው ብረት ሲነካ ፊውዝ ያቃጥላል። እኔ የምጠቀመው ሁለት ሽቦ የተበየደበትን ባለ 5 ዋት የ12 ቮልት አምፖል ነው። አንዱን ጫፍ ከስዊቹ በነቀሉት ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ቀለም ባልነካው ብረት ላይ ያድርጉ። የጣሪያው መብራትና የእጅዎ አምፖል ሁለቱም ደብዘዝ ብለው ከበሩ ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ውስጥ ተራ በተራ እያለፈ ነውና ሽቦው ደህና ነው፤ ስዊቹ ይቀየር ወይም ይጸዳ። የእጅዎ አምፖል ብቻውን ደምቆ ከበራ ሽቦው ፖዘቲቭ ነው፤ ከብረት ያርቁት። አንዳቸውም ካልበሩ ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል ወይም መኪናዋ መብራቱን በኮምፒውተር የምታዝ ዓይነት ናት።

ቴስተር ያለው ሰው ማሳውንም ሊለካ ይችላል። በሩ ተከፍቶ፣ ስዊቹ በቦታው ታስሮ፣ አንዱን ጫፍ በስዊቹ ብሎን ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.1 ቮልት በላይ ብዙ ካሳየ ብሎኑ ማሳ አልያዘም።

ይህን የብሎን ነገር ደጋግሜ የማነሳው አንድ ጊዜ ስላደከመኝ ነው። መብራቷ ሁለት ጊዜ የተቀየረላት መኪና መጣችልኝ። ስዊቹም አዲስ ነበር። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ስዊቹን ስነቅል የብሎኑ ቀዳዳ በቀለም ተሸፍኖ አገኘሁት፤ መኪናዋ ከግጭት በኋላ እንደገና ተቀብታ ኖሯል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀዳዳውን ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፈግፍጌ ብሎኑን መለስኩት፤ መብራቱ በራ። ከዚያ ወዲህ የተቀባ መቃን ሳይ መጀመሪያ የማየው ብሎኑን ነው።

ስዊቹ የበሩ መቆለፊያ ውስጥ የተቀበረባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ነገሩ ይለያል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለውን «በር ተከፍቷል» የሚለውን ምልክት ይመልከቱ። ምልክቱ በር ሲከፈት የማይበራ ከሆነ መረጃው ወደ ኮምፒውተሩ አልደረሰም፤ መቆለፊያውን ወይም በበሩና በመኪናው አካል መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉትን ሽቦዎች ይፈትሹ። እነዚህ ሽቦዎች በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፉ ከውጭ ጤነኛ እየመሰሉ ከውስጥ ይበጠሳሉ። የመቃኑን ወይም የምሰሶውን ፕላስቲክ የሚያነሱ ከሆነ በቢጫ መሸፈኛ ወይም በቢጫ ማገናኛ የተለዩ ሽቦዎችን አይንኩ፣ በአምፖልም በቴስተርም አይሞክሯቸው። የኤርባግ ናቸው።

በየትኛውም ቦታ የማይበራ መብራት የያዘ አንባቢ ካለ ከአምፖሉና ከፊውዙ ይጀምር። የጣሪያው ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከሬዲዮውና ከሰዓቱ ጋር የጋራ ስለሆነ ሰዓቱም ጠፍቶ እንደሆነ ማየት ይበቃል። የተቃጠለ ፊውዝ በዚያው መጠን ብቻ ይተካል፦ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15 አምፔር ነው። በሽቦ ቁራጭ ማያያዝ መኪና ያቃጥላል።

አሁን ወደ መለዋወጫው እንምጣ። ስዊች ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱና ሦስት ነገር ያስተያዩ፦ የምላሷን ርዝመት፣ የሽቦ መግቢያዎቹን ብዛት፣ የሚታሰርበትን መንገድ። እነዚህ ከገጠሙ ለሌላ ሞዴል የተሠራም ይሠራል። ያገለገለ ስዊች አልመክርም፤ የእርስዎን ያረጀው ዓመት እርሱንም አርጅቶታል። የመብራቱ ቤትና መሸፈኛው ፕላስቲክ ግን ያገለገለ ቢሆን አይከፋም። አንድ ቀን ቤቱን መቀየር ካስፈለገዎ በጀርባው ላይ የታተመውን ቁጥርና የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይፈልጉ። የጣሪያ መስኮት ያላትና የሌላት መኪና መብራት አንድ አይደለም፤ ሞዴልና ዓመት ብቻ መናገር ያሳስታል። ከተነቀለ መኪና ሲወስዱ ማገናኛውን ከአንድ ስንዝር ሽቦ ጋር አብሮ እንዲቆረጥልዎ ይጠይቁ፤ መያዣ ጥርሶቹ አለመሰበራቸውን አይተው፣ በባትሪ አስሞክረው ይውሰዱ።

አምፖል ሲገዙ ደግሞ ይለኩ። ሁለት ጫፉ ቆብ ያለው አምፖል በ31፣ በ36፣ በ39 እና በ41 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በጥቂት ሚሊ ሜትር ያጠረው ከመያዣው ይላላል፤ የረዘመው መያዣውን ያጣምመዋል። በባለ 5 ዋት ቦታ ባለ 10 ዋት አያስገቡ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ኤል ኢ ዲ ማስገባት ይችላሉ፤ ነገር ግን ስዊቹ ከተስተካከለ በኋላ ይሁን። ብዙዎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያሉ፤ ሳይበራ ቢቀር ገልብጠው ይሞክሩት። በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚበቃው አሮጌው አምፖል የማያሳየውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማፈትለክ አጥፍተውትም በደብዛዛው እየበራ ያሳይዎታል። ይህ ሲሆን አምፖሉ ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት።

አዲሱን ስዊች ከገጠሙ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው በሩን ይዝጉና ከውስጥ በትከሻዎ ገፋ ገፋ ያድርጉት። መብራቱ ከጨለመ በኋላ ተመልሶ ብልጭ ካለ ምላሷ አሁንም አጥራለች፤ በጫፏ ላይ ወፈር ያለ የጎማ ቆብ ያድርጉላት። የማይጠፋ መብራት ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 0.8 አምፔር ያህል ይስባል፤ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝን ባትሪ በሁለት ቀን ከጥቂት ሰዓት ውስጥ ባዶ ያደርገዋል፤ ሞተሩ አልነሳም የሚለው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው። የኋላው የዕቃ ክፍል መብራትም በተመሳሳይ መንገድ ስለሚሠራ ስልክዎን ቪዲዮ እየቀረጸ ውስጡ ያስቀምጡና ክዳኑን ይዝጉ፤ ሲያወጡት ምስሉ ጨለማ መሆን አለበት።